ቀለም ከመመረጡ በፊት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚታደሱ ቤቶች ለምን በሁለት ክረምት ያረጃሉ?

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የአዲስ አበባን ዋና ዋና መንገዶች መልክ ከቀየረ ወዲህ የቤት እድሳት ወሬ ከመሀል ከተማ አልፎ ወደ ዳርቻው ወጥቷል። ከአያትና ከየካ አባዶ እስከ ለቡና ጀሞ፣ ከኮዬ ፈጬና ከገላን እስከ ቡራዩና ለገጣፎ ድረስ ግራጫ የውጭ ግድግዳ፣ ጣሪያውን የሚደብቅ ከፍ ያለ የግድግዳ ጫፍ፣ ሰፋፊ የአልሙኒየም መስኮትና መብራት የተቀበረበት የጂብሰም ኮርኒስ የ«ዘመናዊ ቤት» መለያ ሆነዋል። በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የ«በፊትና በኋላ» ምስሎችም ፍላጎቱን ጨምረውታል።

ከፍላጎቱ ጋር አብሮ የሚሰማው ቅሬታም አንድ ዓይነት ነው፦ ቀለሙ ተላጠ፣ ኮርኒሱ ቡናማ እድፍ አወጣ፣ ሴራሚኩ ከወለሉ ተነሳ፣ የተደፈነው ስንጥቅ ተመልሶ ተከፈተ። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በሠራተኛው ወይም በቀለሙ ጥራት ይሳበባል። ሁለቱም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። የብዙዎቹ ብልሽቶች ሥር ግን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። የቤቱ ስልት አስቀድሞ ከፎቶ ይመረጣል፤ መሬቱ፣ የጣሪያው ውሃና በግድግዳ ውስጥ የተቀበረው መስመር ገንዘብ ከተረፈ ይታያሉ። በዳርቻው አፈርና ዝናብ ላይ ይህ አካሄድ የሚያስከትለው ኪሳራ ከመሀል ከተማው ይብሳል።

መሬቱ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል

በከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ በኩል፣ በለቡ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን፣ በኮዬ ፈጬና በቦሌ ዳርቻዎች ሰፊውን ቦታ የያዘው ጥቁር አፈር ወይም ዋልካ ነው። ውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሐምሌና በነሐሴ መሠረቱን ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ በጥርና በየካቲት ደግሞ ይሸሻል፣ ግቢው ውስጥም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል።

ቤቱን የሚጎዳው እብጠቱ ብቻ አይደለም፣ እኩል አለመሆኑ ነው። ከቤቱ መሀል በታች ያለው አፈር ዝናብም ፀሐይም ስለማያገኘው እርጥበቱ ብዙም አይለወጥም። በዙሪያው ያለው ግን በየወቅቱ ይረጥባል፣ ይደርቃል። ስለዚህ ማዕዘኖቹ ሲነሱና ሲወርዱ መሀሉ ባለበት ይቆያል፤ ግድግዳው መሀል ላይ ተይዞ ጠርዙ ላይ ይጎተታል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደው፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣው ስንጥቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሌላ በኩል ልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይሰፋ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ውሃ ሳይጠጣ ቶሎ ከመድረቁ የመጣ ነው፤ ስቱኮና ቀለም ይበቃዋል። በቢሙ፣ ማለትም በአግድም በተዘረጋው የአርማታ ተሸካሚ፣ እና ከሥሩ ባለው ብሎኬት መካከል በአግድም የሚታየው ደግሞ ሁለቱ ዕቃዎች የተለያየ መጠን ስለሚለጠጡና ስለሚኮማተሩ ነው፤ ልስኑ ተነስቶ በመጋጠሚያው ላይ በሁለቱም ወገን 15 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ የሽቦ ወንፊት ሲገባበት ይቆማል።

ስንጥቁ የቆመ ይሁን የሚሄድ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መዳፍ የሚያህል ጂብሰም በስንጥቁ ላይ አቋርጦ ይለጠፋል፣ ቀኑ ይጻፍበታል፣ ስፋቱም ይለካል። ከነሐሴ እስከ የካቲት ጂብሰሙ ካልተሰበረ ስንጥቁ ቆሟል ማለት ነው። ከተሰበረ ግን እንቅስቃሴው ቀጥሏልና በላዩ የሚደረገው ልስንና ቀለም ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ወይም በሮችና መስኮቶች አልዘጋ ማለት ከጀመሩ፣ መሐንዲስ ሳያየው ሌላ ሥራ መጀመር አይገባም።

መፍትሔው ሁልጊዜ መሠረቱን ማፍረስ አይደለም። ዋናው ነገር በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር እርጥበቱ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው። ቤቱን የሚከብ ከ1 እስከ 1.20 ሜትር የሚሰፋ የአርማታ ንጣፍ ይሠራል፤ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመርም በሲሚንቶ ሳይሆን በሚለጠጥ መሙያ ይዘጋል። የአሸንዳው ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይፈስ በቱቦ ቢያንስ 3 ሜትር ይርቃል። የፍሳሽ ጉድጓዱም ሆነ የሚያንጠባጥብ የውሃ መስመር ከመሠረቱ ጥግ መኖር የለበትም። ባሕር ዛፍ በበጋ ከአፈሩ ብዙ ውሃ ስለሚስብ ከቤቱ የሚኖረው ርቀት ከዛፉ ቁመት ባያንስ ይመረጣል። የቆየ ትልቅ ዛፍ በአንድ ጊዜ መቁረጥም ችግር አለው፤ ደርቆ የኖረው አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል።

የወለሉ ነገር ይለያል። ወለሉ በቀጥታ በጥቁር አፈር ላይ የተደለደለ ከሆነ ምንም ያህል ውድ ፖርሴሊን ቢነጠፍበት መሀሉ ጉብ ብሎ ይነሳል። ከልብ የሚታደስ ከሆነ አሮጌው ወለል ተነስቶ፣ ጥቁሩ አፈር ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ፣ በሰሌክት ማቴሪያል ማለትም ለሙሌት በተመረጠ በማያብጥ አፈር በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ድርብርብ እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። ይህ ካልተቻለ ሴራሚኩን መተው ይሻላል፤ የሲሚንቶ ወለል ላይ የሚዘረጋ የፕላስቲክ ምንጣፍ ቢያንስ አይሰበርም።

በሰሜንና በምዕራብ፣ በካራ፣ በእንጦጦ ግርጌና በቡራዩ በአመዛኙ ቀይ አፈርና ዓለት ይበዛል። እዚያ ቤቱን የሚፈትነው ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ነው። ከግቢው በላይኛው በኩል በጠጠር የተሞላ የውሃ መቀልበሻ ቦይ ከሌለና የድጋፍ ግንቡ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካልተተወለት የታችኛው ክፍል ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ ይረጥባል።

የጣሪያ ፋሽንና የክረምት ዝናብ

አሁን በብዛት የሚታየው የውጭ ገጽታ ፓራፔት ያለው ነው። ፓራፔት ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ ቆርቆሮውን የሚሸፍን ግድግዳ ሲሆን፣ ቤቱን ከመንገድ ሲያዩት ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ያስመስለዋል። ከበስተጀርባው ያለው ግን ያው ኢጋ ቆርቆሮ ነው። ድሮ ከቤቱ ውጭ ይፈስ የነበረው ውሃ አሁን በፓራፔቱና በቆርቆሮው መካከል ባለ የውስጥ አሸንዳ ውስጥ ይሰበሰባል።

መጠኑን ማስላት ይጠቅማል። 120 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 4,800 ሊትር ውሃ ወደዚያ አሸንዳ ይገባል። ከክፈፍ (ከግድግዳው አልፎ ከሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ) ውጭ የተንጠለጠለ አሸንዳ ቢሞላ የሚፈሰው ግቢ ውስጥ ነው፤ የውስጡ ሲሞላ ግን የሚፈሰው ኮርኒሱ ላይ ነው። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል ደግሞ በረዶው ከቅጠልና ከአቧራ ጋር ተጋግሮ የመውረጃውን አፍ ይደፍነዋል፤ ከበረዶው በኋላ የሚቀጥለው ዝናብ መውጫ ያጣል። ኮርኒሱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የሚወጣው ቡናማ እድፍ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

ፓራፔቱን የሚደግፉ አርክቴክቶች ክርክር ግን ቀላል አይደለም። ቦታው ጠባብ ሆኖ ቤቶች ተጠጋግተው በሚሠሩበት ሰፈር የጣሪያ ውሃ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ ያደርጋል፣ ንፋስ ቆርቆሮውን ከጫፉ እንዳያነሳው ይከላከላል፣ እሳትም ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እንዳይዘል ያግዛል። እውነት ነው፤ በትክክል ከተሠራ። በትክክል ማለት አሸንዳው በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ሲያዘነብል፣ ቢያንስ ሁለት ባለ 110 ሚሊ ሜትር መውረጃዎች ወንፊት ተገጥሞላቸው ሲገቡ፣ ከአሸንዳው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ፓራፔቱን ወደ ውጭ የሚበሳ የትርፍ ውሃ መውጫ ሲኖር ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው የሚገናኝበት ላሜራ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በልስኑ ውስጥ ተቆርጦ መግባት አለበት። የፓራፔቱ አናትም በሁለቱም ወገን ወጣ ባለ ላሜራ ይሸፈናል፤ አናቱ ክፍት ከሆነ ብሎኬቱ ውሃውን ይጠጣና ቀለሙን ከውስጥ ይገፋዋል። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ መጥረግም ግዴታ ነው።

እነዚህን ማሟላት ለማይቻልበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ክፈፍ ያለው የሚታይ ጣሪያ የተሻለ ምርጫ ነው። ክፈፉ ግድግዳውን ከዝናብ፣ መስኮቱን ከቀትር ፀሐይ ይጠብቃል። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ውፍረቱ እንደሚቀንስ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጌጅ 28 ከጌጅ 32 ይወፍራል።

እድፉ የት እንዳለም ምንጩን ይናገራል። ከላይ ከሆነ ጣሪያ ነው። ከመስኮቱ ግርጌ ከሆነ የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ አላዘነበለም፣ ወይም ከግድግዳው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ ከሥሩ የውሃ መቁረጫ ጎድጓዳ መስመር አልተደረገለትም። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ጨው ከወጣ ደግሞ እርጥበቱ ከመሬት እየተሳበ ነው። ጥርጣሬ ካለ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር ታሽጎ ግድግዳው ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይለጠፋል። ውሃው በግድግዳው ወገን ከታየ ከውስጥ የሚመጣ ነው፤ በክፍሉ ወገን ከታየ የምግብ ማብሰያና የትንፋሽ እንፋሎት ነውና መፍትሔው መስኮት ነው።

የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን

በዳርቻው ብዙ ነባር ቤቶች የጭቃ ናቸው። እድሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው የሽቦ ወንፊት መትቶ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ባለቤቶች የሚያቀርቡት ምክንያት ተገቢ ነው፦ ልስኑ ንጹሕ ይመስላል፣ በየዓመቱ መምረግ ይቀራል፣ አይጥም ይቀንሳል። ችግሩ ሁለቱ ዕቃዎች የተለያየ ጠባይ ያላቸው መሆኑ ነው። ጭቃው እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶው ይዘጋዋል። በጭረት የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ወደ ታች ይወርድና በቋሚው እግር ላይ ይቀመጣል። ባሕር ዛፉ ከውጭ ሳይታይ ይበሰብሳል፣ ምስጥም እርጥቡን እንጨት ይወዳል። ግድግዳው አምሮ እንደቆመ አንድ ቀን ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ይታወቃል።

ስለዚህ ከልስኑ በፊት በእያንዳንዱ ቋሚ ሥር ጭቃው ተፈልፍሎ እንጨቱ በምስማር ይወጋል። ምስማሩ በእጅ ግፊት ብቻ ከገባ እንጨቱ ሞቷል፤ ጣሪያው በድጋፍ ተይዞ የበሰበሰው ይቆረጥና ከመሬት 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ይቀመጣል። ለልስኑ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ቢሠራ ከጭቃው ጋር ይስማማል፣ ያስተነፍሳልም። ቀለሙም የኖራ ቢሆን ይመረጣል፤ የዘይት ቀለም ግድግዳውን ያፍነዋል።

በኮንዶሚኒየም ግድግዳ ማፍረስ

የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ክብደታቸው የሚወርደው በቢምና በኮለን፣ ማለትም በቋሚው የአርማታ ምሰሶ ላይ ነው፤ በመካከል ያለው ብሎኬት መከፋፈያ ነው። ሳሎንን ለማስፋት አንድ መከፋፈያ ማንሳት ሕንፃውን አይጥልም የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። አባባሉ በከፊል ልክ ቢሆንም ሦስት ነገሮችን ይረሳል። በዚያ ግድግዳ ውስጥ የጎረቤት የውሃ ወይም የመብራት መስመር ሊኖር ይችላል። ሠራተኛው ሶኬት ለመቅበር ኮለኑን ሲፈለፍል በውስጡ ያለውን ብረት (ፌሮውን) የሚሸፍነውን 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርማታ ያነሳዋል፣ ፌሮውም ከዚያ ቀን ጀምሮ መዛግ ይጀምራል። ሦስተኛው ክብደት ነው፦ ወለሉን ለማስተካከል የሚጨመር 5 ሴንቲ ሜትር የሲሚንቶ ድልድል በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፣ ሴራሚኩ ደግሞ ይደመርበታል። በሶሌታው ማለትም በፎቁ የአርማታ ወለል ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ጭነት ከመጨመር አሮጌውን ድልድል አንስቶ በቀጭኑ መተካት ይመረጣል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ (ቁጥር 370) የአንድን ቤት ይዞታና የጋራ መጠቀሚያውን ለይቷል። በረንዳን በመስታወት መዝጋት፣ የውጭ ግድግዳ ቀለም መቀየርና ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር መስቀል ከማኅበሩ ጋር መነጋገርን የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ከሴራሚኩ በስተጀርባ የሚቀረው

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ብዙ ቤቶች ውስጥ የሚሰካው ለመደበኛ ሶኬት በተዘረጋ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ይሞቃል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ብሬከሩ ሲደጋግመው በትልቅ ይቀየራል። አደጋው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ብሬከሩ ሽቦውን መጠበቅ ያቆማል። ለምጣድ ራሱን የቻለ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ከራሱ ብሬከር ጋር፣ ለቦይለርም ሌላ፣ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ተብሎ ከልስኑ በፊት መዘርጋት አለበት። የምድር ሽቦ የሌለው ቤት ቦይለር ባይገጠምበት ይሻላል። የውጭ ግድግዳ የሚያስጌጡ የኤልኢዲ መብራቶች ላይ «አይፒ 65» የሚል ምልክት ይፈለግ፤ አቧራና የውሃ ርጭት እንደማያስገቡ ያመለክታል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ታንከር የግድ ነው። አምስት ሰው እያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም ለሦስት ቀን 900 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ለዚህ ይበቃል፣ ባለ 2,000ው ያስተማምናል። ሲሞላ ግን 2 ቶን ስለሚመዝን በጣሪያ እንጨት ወይም በፓራፔት ላይ አይቀመጥም፤ በኮለን ላይ ያረፈ ሶሌታ ወይም መሬት ላይ የቆመ የብረት ማማ ያስፈልገዋል።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሴራሚክ ራሱ ውሃ ይከላከላል የሚለው እምነት ብዙ ገንዘብ አጥፍቷል። ውሃ በመጋጠሚያዎቹ ያልፋል። የሚከላከለው ከሥሩ የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው፤ ወለሉን ሸፍኖ ግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሻወሩ ጋ 1.80 ሜትር ድረስ መውጣት አለበት። ከደረቀ በኋላ የፍሳሹ አፍ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለ24 ሰዓት ይተኛል፤ ከታች ጠብታ ካልታየ ሴራሚኩ ይነጠፋል። የውሃ ቱቦዎችም ከመሸፈናቸው በፊት ግፊት ተሞልቶባቸው ማደር አለባቸው። ይህን ፈተና ሥራ የሚያዘገይ ብሎ የሚቃወም ሠራተኛ ቢያጋጥም መስማማት አይገባም።

ስልቱ ሲመረጥ

ከላይ ያለው ከተጠናቀቀ ምርጫው ቀላል ይሆናል፤ ቤቱ የሚችለውና የማይችለው ታውቋልና።

ለውጭ ግድግዳ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ክፋት የለውም። ጥቁር ግራጫ ግን በተለይ በምዕራብ ግድግዳ ላይ የከሰዓት ፀሐይን ይስባል፤ ቀን ግሎ ማታ የሚቀዘቅዘው ልስን ይሰነጠቃል፣ ደማቅና ጥቁር ቀለሞችም በዚህ ከፍታ ባለው ፀሐይ ቶሎ ይነጣሉ። አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ ዳር ላለ ቤት ሌላ ጉዳይ አለ። ክረምት ላይ ከመሬት የሚፈናጠር ጭቃ፣ በጋ ላይ አቧራ፣ የግድግዳውን የታች ክፍል ያቆሽሻል። ታችኛውን 60 ሴንቲ ሜትር በጥቁር ድንጋይ ወይም በአምቦ ድንጋይ መሸፈን ከየትኛውም ቀለም ይሻላል፣ ዓይንም ይስባል። አዲስ ልስን ደግሞ 28 ቀን ያህል ሳይደርቅ ቢቀባ ጨው አውጥቶ ቀለሙን ይጥለዋል። አንድ ሊትር ቀለም በአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን ለ160 ካሬ ሜትር ግድግዳ ሁለት እጅ 36 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል፤ ከዚህ በግማሽ የጨረሰ ቀለሙን አቅጥኖታል።

በተለምዶ አሉኮቦንድ የሚባለው ክላዲንግ፣ ማለትም በሁለት ቀጭን አልሙኒየም መካከል ፕላስቲክ ያለበት ሽፋን፣ ቀላልና ፈጣን ነው። መሀሉ ያለው ተራ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ይቀጣጠላል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. በለንደኑ ግሬንፌል ታወር 72 ሰዎች የሞቱበት እሳት ሕንፃውን ያዳረሰው በዚህ ዓይነት ሽፋን አማካይነት ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ አደጋው ያን ያህል ባይሆንም ከበስተጀርባው የመብራት ሽቦ የሚያልፍ ከሆነ እሳት የሚቋቋመው ዓይነት መሆኑን ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ሰፋፊ መስታወት የሚመረጠው ለብርሃን ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የደቡብ መስኮት ቤቱን ያሞቃል፤ በአጭር ክፈፍም መቆጣጠር ይቻላል። የምዕራቡ ግን ዝቅ ብላ የምትገባውን ፀሐይ በክፈፍ ማስቀረት አይችልም፤ ሌሊትም ቅዝቃዜውን ያስገባል። ትልቁን መስታወት በደቡብ፣ ትንሹን በምዕራብ ማድረግ ከሁሉም ርካሹ ማሻሻያ ነው።

ውስጡን በተመለከተ የቤቱ አኗኗር ከፎቶው ይቅደም። ከሰልና ዕጣን በሚጨስበት ሳሎን ነጭ የጂብሰም ኮርኒስ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ቡና የሚፈላበት ጥግ ከመስኮት አጠገብ ቢሆን፣ ኮርኒሱም ሊታጠብ የሚችል ቀለም ቢቀባ ይረዳል። ወጥ የሚሠራበት ግድግዳ እስከ ላይ ሴራሚክ ይፈልጋል። የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ካቢኔ እግሩ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ሴራሚክ ሲገዛ 10 በመቶ ይጨመራል፦ ለ20 ካሬ ሜትር ክፍል ባለ 60 በ60 ሴራሚክ 62 ያስፈልጋል፤ አንድ ካርቶን አራት ከያዘ 16 ካርቶን ነው። የካርቶኖቹ የምርት መለያ ቁጥር አንድ መሆኑ ይታይ፤ የተለያየ ከሆነ የቀለም ልዩነቱ የሚታወቀው ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ነው።

ፈቃድ፣ ገንዘብና ውል

ቀለም መቀባት ፈቃድ አይጠይቅም ይሆናል፤ ግድግዳ ማፍረስ፣ ክፍል መጨመርና ፎቅ ማውጣት ግን ከ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ጀምሮ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተችው ሸገር ከተማ ቡራዩን፣ ለገጣፎን፣ ገላንንና ሌሎችን ስላካተተች ጥያቄው የሚቀርበው ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ተረጋግጦ ነው። ለአጥርና ለፊት ገጽታ ብዙ ከማውጣት በፊት ማስተር ፕላኑ ላይ መንገዱ ይሰፋ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካርታ በሌለው ቤት ላይ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ተነቅሎ ሊወሰድ በሚችል ነገር፣ እንደ በር፣ መስኮት፣ ታንከርና ቆርቆሮ ላይ ቢውል ጉዳቱ ይቀንሳል።

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ከውጭ የሚገቡ የሽቦ፣ የአልሙኒየምና የቧንቧ ዕቃዎች ዋጋ አስቀድሞ ለመገመት አስቸጋሪ ሆኗል። አንዳንዶች ዕቃውን ሁሉ ዛሬ ግዙ ይላሉ፤ ሌሎች ገንዘቡን ይዞ መቆየትን ይመርጣሉ። ትክክለኛው መልስ እንደ ዕቃው ይለያያል። ሽቦ፣ ቱቦ፣ ሴራሚክና ቆርቆሮ ቢቀመጡ አይበላሹም፤ አስቀድሞ መግዛት ይጠቅማል። ሲሚንቶ ግን ከሦስት ወር በላይ ሲቀመጥ ጥንካሬው ይወርዳል፤ የሴራሚክ ማጣበቂያና ቀለምም ቀን አላቸው። ለግምት ያህል፣ 100 ካሬ ሜትር ግድግዳ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ በአንድ ለአራት ድብልቅ ለመለሰን 7.5 ኩንታል ሲሚንቶና 2 ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ይፈልጋል። አሸዋው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ሲረጋ ከላይ የሚተኛው የጭቃ ሽፋን ከ6 በመቶ ከበለጠ ሳይታጠብ አይሠራበትም። ከጠቅላላው በጀትም 15 በመቶው ልስኑ ሲነሳ ለሚገኘው ያልታሰበ ብልሽት ይቀመጥ።

የዳርቻው ሥራ አብዛኛው በእጅ ዋጋ ነው የሚሰጠው፤ ዕቃውን ባለቤቱ ያቀርባል፣ ሠራተኛው ጉልበቱን ይሸጣል። በካሬ ሜትር የሚከፈለው ሠራተኛ እንዲፈጥን ያደርገዋልና ልስኑ ለሰባት ቀን ውሃ መጠጣቱ፣ የመታጠቢያው የ24 ሰዓት ፈተና፣ የቀለሙ ሁለት እጅ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ መግባት አለባቸው። ቀብድ ሲከፈል ክፍያው ሥራው በደረሰበት ደረጃ ይከፋፈል፦ የተቀበረው መስመር ሳይሸፈን ታይቶ፣ ልስኑ ታይቶ፣ ከዚያ ፊኒሺንጉ። የውጭ ልስንና ቀለም ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሠራ ከዝናብ ይድናል፤ የጣሪያው ሥራም ከሰኔ በፊት ያልቅ። ከጣሪያና ከውጭ ግድግዳ ሥራ ክፍያ ላይ 10 በመቶው ተይዞ መስከረም ላይ፣ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ እንዲከፈል መስማማት ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው፤ በሐምሌ የሚያፈስ ጣሪያ በጥር ደረቅ ሆኖ ነው የሚረከቡት።